በጾም ቀን ክመር (የካምቦዲያ) ምግብ ቤት ተጋብዣለሁ፣ ምን ልዘዝ?

ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ለሥራ ካምቦዲያ፣ ሲየም ሪያፕ ነው ያለሁት። ነገ ማታ የሥራ ባልደረባዬ ከእናቷና ከአያቷ ጋር ባህላዊ የክመር ምግብ ቤት ልትጋብዘኝ ነው። ነገ ደግሞ ዓርብ ነው። እኔ በጾም ዓሣም አልበላም።

ያስቸገረኝ ፕራሆክ የሚሉት ነገር ነው። በጨው ታሽቶ የተብላላ ዓሣ ነው፤ ወጡም ሾርባውም ማባያውም ውስጥ ይገባል። ባለፈው ሳምንት አትክልት ብቻ ብዬ ሳምሎር ኮርኮ የሚሉትን ወጥ አዘዝኩ። ዱባው፣ ጥሬው ፓፓያ፣ ተቆልቶ የተፈጨው ሩዝ፣ ሲያዩት በጣም ያምራል፣ አንድ ማንኪያ እንደቀመስኩ ግን የዓሣው ሽታ አፍንጫዬን አለኝ፣ ትቼው ተነሳሁ። አሞክም በሙዝ ቅጠል የሚቀርብ ዓሣ ነው። የኮኮናት ወተቱና ጠጅ ሳር፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ የሚሠራው ቅመማቸው ለኔ ችግር የለውም፣ እንዲያውም እወደዋለሁ።

እዚህ አገር የኖራችሁ ካላችሁ፣ ያለ ዓሣና ያለ ፕራሆክ የሚሠሩልኝ ምግብ የትኛው ነው? በክመርኛስ አስተናጋጁ በደንብ እንዲገባው እንዴት ልበል? ለባልደረባዬ ዛሬውኑ ልንገራት ወይስ እዚያው? ወጡ መሀል ላይ ቀርቦ ሁሉም ከዚያ እየጨለፈ ነው የሚበላው፣ አያቷ አንስተው ሳህኔ ላይ ቢያደርጉልኝ እምቢ ማለት በጣም ይከብደኛል። ትልቅ ሰው ማስቀየም አልፈልግም፣ ጾሜንም መግደፍ አልፈልግም። እባካችሁ እስከ ነገ ከሰዓት ድረስ መልሱልኝ።