ለገና ደሴ ልሂድ ወይስ ልቅር? ሕመሜና የአውሮፕላኑ ጭስ አስጨነቁኝ

ጤና አዳም (ጠያቂ)፦ እንደምን ዋላችሁ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ከያዘኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እናቴን ለመጠየቅ በየዓመቱ ለገና አሥር ቀን ደሴ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ግን የደርሶ መልስ በረራዬን ሳሰላው የእኔ ድርሻ ብቻ ወደ 1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነብኝ። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት የሚለቀው የዚህን ሩብ አይሞላም። ሌላው ጣጣ እኔው ነኝ፦ መድኃኒቱን፣ እንቅልፉን፣ እንቅስቃሴውን ሁሉ በሠንጠረዥ እይዛለሁ፤ አንዲት ሳጥን ባዶ ከቀረች ሳምንቱ በሙሉ የተበላሸ ይመስለኛል። መንገድ ደግሞ ሠንጠረዥ አያከብርም። ልቅር?

ባቡረኛው፦ በአውሮፓ ውስጥ አውሮፕላን ትቻለሁ። ለአገር ቤት ግን ሌላ አማራጭ የለንም። ስለዚህ ምልልሱን ቀንሺ፦ በየዓመቱ አሥር ቀን ከመሄድ በሁለት ዓመት አንዴ ሄደሽ ስድስት ሳምንት ቆዪ፤ ጭሱ በግማሽ ይቀንሳል። ቀጥታ በረራ ያዢ፣ ኢኮኖሚ ተቀመጪ፤ የቢዝነስ ወንበር ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ የአንዱ ተሳፋሪ ድርሻ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለጭሳችሁ ማካካሻ ክፈሉና ዛፍ እንትከልላችሁ የሚሉትን እኔ አልከፍላቸውም፤ ችግኙ መጽደቁን ማን ያይልኛል?

ነርሷ፦ መድኃኒትሽ መርፌ ሆኖ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጥ ከሆነ በእጅ ቦርሳ፣ በማቀዝቀዣ ከረጢት ያዢው። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከገባ በረዶ ሊሠራ ይችላል፤ በረዶ የሠራ መርፌ ደግሞ አይወጋም። የሐኪም ደብዳቤ አትርሺ። ለአውሮፕላን ማረፊያው ተሽከርካሪ ወንበር ከበረራው 48 ሰዓት ቀድመሽ ጠይቂ፤ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በነጻ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ ስላለበት፣ የሕመምሽ መድኃኒት ደግሞ የሰውነት መከላከያን ሊያዳክም ስለሚችል፣ ሐኪምሽን ሳታማክሪ እንዳትከተቢ።

ጤና አዳም፦ ተሽከርካሪ ወንበር? እግሬ እኮ ይሄዳል። ሰው ቢያየኝስ?

የወሎዋ እናት፦ ልጄ፣ እኔም ይህ ሕመም ካለብኝ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አንድ ጊዜ እንዳንቺ ኮርቼ፣ ሻንጣ እየጎተትሁ በእግሬ ወጣሁ፤ በዚያው ቀን ደሴ ገባሁ። ሦስት ቀን ጣቴ ስኒ አልጨበጠም፤ ቡናውን እናቴ አጠጣችኝ። አሁን ወንበሩን እጠይቃለሁ፣ አዲስ አበባም ሁለት ሌሊት አድራለሁ። ከሠንጠረዥሽ የመድኃኒቱን መስመር ብቻ ይዘሽ ሂጂ፤ ሌላው ፍራንክፈርት ይጠብቅሽ።

ጤና አዳም፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈቃዴን አጠራቅሜ ዘንድሮ ስድስት ሳምንት እሄዳለሁ፣ ከርሞ እቀራለሁ። ለእናቴ ስነግራት ጤፍ ስንት ኪሎ ላስፈጭ አለችኝ። ወንበሩን ገና አልጠየቅሁም፤ ነገ እደውላለሁ።