በወርቅ ማውጫ ስለሚገባው ሳይናይድ፦ የጋራ ሰነዳችንን እዚህ እንሥራ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው፣ በወርቅ ማውጫዎች ስለሚሠራበት ሳይናይድ ለማዕድን ሚኒስቴርና ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን አንድ ሰነድ እናስገባለን። ረቂቁን እዚሁ እየተነጋገርን እንሥራው። የሆድ የሆዳችንን እዚህ እንጨርስና ወረቀቱ ላይ የምንጠይቀው ነገር ብቻ ይቅር። ከሁለት ገጽ ከበለጠ የሚያነበው የለም። መጀመሪያ መለየት ያለብን አንድ ነገር ነው፦ ይከልከል ነው የምንለው ወይስ ቁጥጥር ይደረግበት?

መምህር (ሻኪሶ)፦
እኔ ይከልከል ባይ ነኝ። እዚህ ጉጂ ያለውን የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ልጄ ጉዳት ይዞ ተወለደ፣ ሚስቴን አስወረዳት፣ ከብቴ አለቀ እያለ አደባባይ ወጣ። በግንቦት 2010 ፈቃዱ ታገደ። በ2013 ሥራው ተመለሰ። በመሃል ጥናት ተደርጓል ተባለ፤ ግን ውሃችሁ ውስጥ ይሄ ይሄ አለ፣ ይሄ ደግሞ የለም የሚል ወረቀት ቀበሌ ድረስ ወርዶ አላየንም። እናት ልጇን ውሃ ባጠጣች ቁጥር እየተሳቀቀች ነው። እንደዚህ ከሚኖር ይቅርብን።

ኬሚስቷ (አዲስ አበባ)፦
መምህር፣ የሚሉት ይገባኛል። ለመወሰን እንዲመች ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስቀምጥ። ወርቅን በሳይናይድ ማውጣት ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ዘዴ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ወርቅ ብዙ ጊዜ ጥቂት ግራም ነው፣ በዓይንም አይታይም። ድንጋዩ ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ በጣም የቀጠነ ሳይናይድ ይገባበታል። ወርቁ ሲሟሟ ካርቦን ይለቅመዋል። ኖራ የሚጨመረው ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ10 በላይ እንዲቆይ ነው። ከዚያ ከወረደ ሳይናይዱ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ሠራተኛ የሚገድለውም ያ ጋዝ ነው። ወርቁ ከተወሰደ በኋላ የሚቀረው ጭቃ ወደ ዝቃጭ ግድቡ ይሄዳል። የእኛ ጉዳይ እዚህ ይጀምራል።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ሳይናይድ እንደ ሜርኩሪ ሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ አይሄድም። ፀሐይና አየር ያፈርሱታል። የሚያሰጋው ባንድ ጊዜ ብዙ ሲመጣ ነው። ዓሣ በሊትር ከአንድ ሚሊግራም በታች በሆነ መጠን እንኳ ያልቃል። ስለዚህ ሰነዱ ላይ "በሽታው ሁሉ ከሳይናይድ ነው" ብለን ከጻፍን፣ ውሃውን መርምረው ሳይናይድ የለም ይሉና ፋይሉን ይዘጉታል። ከድንጋዩ ጋር የሚፈጨው አርሴኒክ አለ፣ እርሳስ አለ፣ ካድሚየም አለ። እነዚህ ፀሐይ አያጠፋቸውም። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የመጠጥ ውሃ ውስጥ የአርሴኒክ ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ሁሉም አብረው ይመርመሩ ብለን መጠየቅ አለብን።

አባል (ሜሪላንድ)፦
ይከልከል የሚለውን የወሰዱ አገሮች አሉ። ቼክ በ2000፣ ሃንጋሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ከልክለዋል። ሃንጋሪን እዚያ ያደረሳት ደግሞ የጎረቤቷ አደጋ ነው። ጥር 30 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ሩማንያ ውስጥ ባያ ማሬ የሚባል ቦታ ዝናብና የሚቀልጥ በረዶ ግድቡን ሞላው፣ ግድቡ ተሰበረ፣ ሳይናይድ ያለበት 100 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ወንዝ ገባ። ከዚያ ቲሳ፣ ከዚያ ዳኑብ። ዓሣው እዚያው ጎረቤት አገር ድረስ አለቀ። ወርቁን ያወጣው ሌላ፣ ወንዙ የሞተበት ሌላ።

ከዚያ በኋላ ነው የዓለም አቀፉ የሳይናይድ አያያዝ ኮድ የመጣው። ኩባንያው ወዶ ይፈርማል፤ ከፈረመ ግን በየሦስት ዓመቱ የውጭ ኦዲተር ይመጣበታል፣ የኦዲቱ ማጠቃለያም ይፋ ይሆናል። ግድቡ ላይ ክፍት ሆኖ በሚታየው ውሃ ውስጥ በቀላሉ የሚለቀቀው ሳይናይድ በሊትር ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል፣ ለወፎችና ለእንስሳት ሲባል። ወደ ወንዝ በሚለቀቀው ውስጥ ደግሞ ከ0.5 እንዳይበልጥ። እኔ የምለው፣ ሚኒስቴሩ ይህን ኮድ የፈቃድ ግዴታ ያድርገው። በወዶ ገብነት አይቅር።

መምህር (ሻኪሶ)፦
ኦዲተሩ በአውሮፕላን መጥቶ ከኩባንያው ጋር ምሳ በልቶ ይሄዳል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። የእኛ ሰው ምን ይጠቀማል? ውጤቱ በኦሮምኛ ተጽፎ ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። አባ ገዳዎችና የሴቶች ተወካዮች ባሉበት ይነበብ።

ጸሐፊዋ፦
ይህን እንዳለ ወስጄዋለሁ። በየቦታው በሕዝቡ ቋንቋ ይሁን፤ በወለጋ በኦሮምኛ፣ በቤኒሻንጉልም ሰው በሚሰማው። ቱሉ ካፒ እና ኩርሙክ ላይ ትልልቅ ማውጫዎች እየመጡ ስለሆነ ይህ ጉዳይ የጉጂ ብቻ አይደለም። ፈቃዱ ገና ትኩስ ሳለ መጠየቅ ይሻላል።

ሹፌሩ፦
ስለ መንገዱ ማንም አላነሳም። ዕቃው የሚመጣው ከጅቡቲ ነው። በጋላፊ ገብቶ አገር አቋርጦ ነው ማውጫው የሚደርሰው። ስንት ከተማ፣ ስንት ድልድይ፣ ስንት ቁልቁለት! ኪርጊስታን ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. ወደ ኩምቶር ማውጫ የሚሄድ መኪና ከድልድይ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ወደ 1.7 ቶን ሳይናይድ ገብቷል። የታች ሰዎች ወንዙን ለመጠጥም ለመስኖም ይጠቀሙበት ነበር። ይሄ እንግዲህ ግድብም ምንም ሳይሰበር ነው።

መኪኖቹ ታጅበው ይሂዱ። ማታ አይነዱ። በሚያልፉባቸው ወረዳዎች ያሉ ትራፊክና ጤና ጣቢያዎች አስቀድመው ይወቁ። ሹፌሩም የጫነውን ይወቅ። አደጋ ሲደርስ ወገናችን ለመርዳት ይሮጣል፣ የተበተነ ዕቃ ደግሞ ይለቅማል። ነጭ እንክብል ነገር ነው፤ ሰው ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?

ኬሚስቷ (አዲስ አበባ)፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ መሬት ላይ ከተበተነ ደረቁን ጠርጎ ማንሳት ነው፣ ውሃ ማርከፍከፍ የለም። ወንዝ ከገባ በኋላ ደግሞ ክሎሪን ልጨምርበት የሚል አለ፤ ለዓሣውም ለሰውም ሌላ መርዝ መጨመር ነው። የታች ሰው ቶሎ ውሃ እንዳይቀዳ መንገር ነው ዋናው። ስለዚህ ማን ለማን እንደሚደውል በወረቀት ላይ ተጽፎ ይኑር።

ሲስተር (አሶሳ)፦
እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ከሰነዱ እንዳይወጣብኝ። ሳይናይድ ገላ ውስጥ ሲገባ ደም ኦክስጅን ተሸክሞ እያለ ሴሉ ሊጠቀምበት አይችልም። ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል። ማርከሻ አለው፤ ሃይድሮክሶኮባላሚን ይባላል፣ የቫይታሚን ቢ12 ዓይነት ነው፣ ለአዋቂ 5 ግራም በደም ሥር ይሰጣል። ማርከሻው ሪፈራል ሆስፒታል ተቀምጦ አደጋው ከከተማ ሩቅ ቢደርስ ምን ዋጋ አለው? ማውጫው ውስጥ ባለው ክሊኒክም፣ በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያም ከኦክስጅን ጋር ይቀመጥ። ወጪው የኩባንያው ይሁን። የሚያበቃበት ቀን በየጊዜው ይታይ። ባለሙያዎቹም ይሠልጥኑ፤ የተመረዘን ሰው አፍ ለአፍ ገጥሞ ማስተንፈስ አይቻልም፣ የረዳውም ይመረዛል። ሽታው ይነግረናል የሚሉ አሉ፣ ሽታውን በተፈጥሮ የማይለዩ ብዙ ሰዎች ስላሉ አፍንጫን ማመን የለም።

አባል (በባህላዊ ወርቅ ማምረት የሠራ)፦
ስለ ትልልቁ ብቻ ታወራላችሁ። ትንሹስ? ባህላዊ አምራቹ ወርቁን በሜርኩሪ ይይዛል። ሜርኩሪ የሚይዘው ግማሹን እንኳ አይሆንም። የተረፈው አፈር ውስጥ ወርቅ እንዳለ የሚያውቅ ነጋዴ አፈሩን ገዝቶ ላስቲክ በነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ሳይናይድ ያፈስበታል። ድንበር ማዶ ሱዳን ውስጥ "ካርታ" የሚሉት ይሄን አፈር ነው፣ ስንት ተቃውሞ አስነስቷል። ወርቅ ዋጋው ሲወደድ ደግሞ ይሄ ነገር ድንበር አያግደውም።

ኬሚስቷ (አዲስ አበባ)፦
ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ሳይናይድ ወርቁን ብቻ አይደለም የሚያሟሟው፣ አፈሩ ውስጥ የቀረውን ሜርኩሪም አሟሙቶ ወደ ውሃ ይወስደዋል። ስለ ሜርኩሪ የወጣው የሚናማታ ስምምነት መወገድ አለባቸው ካላቸው አሠራሮች አንዱ ይሄው ነው፤ ሜርኩሪው ሳይወጣለት አፈርን በሳይናይድ ማጠብ። ለዚህ ለዚህ ሙሉ በሙሉ ይከልከል ብንል ከመምህር ጋር ነኝ።

መምህር (ሻኪሶ)፦
ለድሃው ክልከላ፣ ለትልቁ ቁጥጥር ልንል ነው?

አባል (በባህላዊ ወርቅ ማምረት የሠራ)፦
መምህር፣ እኔም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ልጁን የሚያስተምርበትን አፈር ዝም ብሎ አትንካ ቢሉት ሌሊት ይሠራዋል። ማህበራቱ ያለ ሜርኩሪ የሚሠሩበት መሣሪያ ይሰጣቸው፣ የሚያንቀጠቅጥ ጠረጴዛና ጥሩ ማጠቢያ ሳጥን። የተረፈው አፈር ደግሞ ፈቃድና ግድብ ያለው ተቋም ይግዛው፣ ገንዘቡ ለአምራቹ ይድረስ። ይሄ ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።

ጸሐፊዋ፦
ተጽፏል።

ጠበቃው፦
የሕጉን ነገር በአጭሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል፣ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ ስለሚመለከተው የአካባቢ ፕሮጀክት ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዝዛል። እኛን በተግባር የሚጠቅመን ግን የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው፣ እኔን ጎዳኝ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን ጎዳ ወይም ሊጎዳ ይችላል ባለው ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የምናስገባው ሰነድ ልመና ብቻ እንዳይመስል ይህን አንቀጽ በግልጽ እንጥቀሰው። ማስረጃ ግን ያስፈልገናል።

መምህር (ሻኪሶ)፦
ማስረጃማ ቀላል ነው። ከግድቡ በታች ካለው ወንዝ በሃይላንድ ቀድቼ በአውቶቡስ እልካለሁ።

ኬሚስቷ (አዲስ አበባ)፦
እንደሱ ከሆነ ባይልኩት ይሻላል። በሃይላንድ የተቀዳ ውሃ ፀሐይ እየመታው አዲስ አበባ እስኪደርስ ሳይናይዱ ይጠፋል። ላብራቶሪው ምንም የለበትም ብሎ ማህተም ይመታበታል፣ ያንን ወረቀት ደግሞ ሌላው ወገን በደስታ ይጠቀምበታል። ጠርሙሱ ብርሃን የማያስገባ ይሁን። እንደተቀዳ ወዲያው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮበት ፒኤቹ ከ12 በላይ ይድረስ፣ በበረዶ ሳጥን ይቀመጥ፣ በ14 ቀን ውስጥ ይመርመር። ለአርሴኒክና ለሌሎቹ ብረቶች የተለየ ጠርሙስ ነው፣ እሱ ናይትሪክ አሲድ ይፈልጋል። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ አደራ፤ አሲዱ የሳይናይዱ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ የነገርኳችሁን ጋዝ ያወጣል። ከግድቡ በላይም በታችም መቀዳት አለበት። የላይኛው ከሌለ፣ በታችኛው ያለው ከተፈጥሮ ድንጋዩ የመጣ ነው ይሉናል።

ጠበቃው፦
ማን ቀዳ፣ ስንት ሰዓት፣ ማን ተረከበ የሚለው ፊርማ ያለበት ቅጽም ይኑር። ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመልሳችሁ። በጥቅሉ "ሳይናይድ ይከልከል" ካልን፣ ከውጭ ምንዛሪው ጋር አያይዘውት ሌላውን ሳያነቡ ይመልሱልናል ብዬ እፈራለሁ። "ቁጥጥር ይጠናከር" ካልን ደግሞ አዎ ብለው ያስቀምጡታል። እኔ ያሰብኩት ይህ ነው፦ የውሃ ምርመራው በየወሩ ይሁን፣ ከኩባንያው ነጻ የሆነ ላብራቶሪ ይመርምረው፣ ውጤቱ በሕዝቡ ቋንቋ ይለጠፍ። ለሁለት ተከታታይ ወር ካልተለጠፈ ወይም ከጣሪያው ካለፈ፣ ማንም አቤት ሳይል የማውጣቱ ሥራ በራሱ ይቁም። ይህ የፈቃዱ ውል ውስጥ ይግባ። ማውጫው ሲዘጋ ግድቡን የሚያስተካክል ገንዘብም ገና ሲጀመር ባንክ ይቀመጥ። መምህር፣ በዚህ ይስማማሉ?

መምህር (ሻኪሶ)፦
"በራሱ ይቁም" የሚለው ካለበት እስማማለሁ። እሱ ቃል ከወጣ ግን ስሜን አውጡት። ደግሞ የለገደምቢ ጥናቶች ሙሉ ውጤት ይፋ ይሁን የሚለው አንደኛ ጥያቄ ሆኖ ይጻፍ። የቆየውን ሳይነግሩን ስለሚመጣው ቢምሉልን ሰው አያምንም።

አባል (ሜሪላንድ)፦
የላብራቶሪውን ወጪ እዚህ ያለን አባላት እንሸፍናለን። ኬሚስቷ ፕሮፎርማ ታምጣልን።

ጸሐፊዋ፦
ጥሩ። ሲስተር የማርከሻውን፣ ጋሼ የመንገዱን፣ ጠበቃው የአንቀጽ 11ን ክፍል እስከ ሐሙስ ጽፋችሁ ላኩልኝ፣ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። እኔ አንድ ላይ አድርጌ ቅዳሜ እልክላችኋለሁ። ኦሮምኛውን መምህር ይተረጉማሉ። ናሙና የሚወሰድበትን ቀን ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ እናሳውቅ፣ ሰው ይላኩ።

ኬሚስቷ (አዲስ አበባ)፦
ከመጡ ሁሉም ነገር በእጥፍ ይቀዳ፣ አንዱን ስብስብ አሽገን እንሰጣቸዋለን፣ እነሱም በራሳቸው ያስመርምሩ። ጠርሙሶቹንና ማቆያውን ይዤ እኔው እመጣለሁ።