ዶሜይናችን በሠሪው ልጅ አካውንት ውስጥ ነው፤ እንዴት ወደ እኛ እናምጣው?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ቤተሰቤ ደብረ ማርቆስ ላይ የማር ንግድ አለው፤ በብርጭቆ እያሸግን አዲስ አበባ ድረስ እንልካለን። ዌብሳይቱን የሠራልን የሰፈራችን ልጅ ነው። ዶሜይኑንም ሆስቲንጉንም በራሱ አካውንት ገዛው፤ የዶላር ካርድ የነበረው እሱ ብቻ ነበርና። እኛ በየዓመቱ ብሩን በባንክ እናስገባለታለን፣ እሱ ያድሳል። አሁን ውጭ አገር ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ለመልእክታችን የሚመልሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እሱ እንዳለን ከሆነ ለማደስ ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቶታል።

አድራሻው በብርጭቆው መለያ ላይ ሁሉ ታትሟል። የጅምላ ደንበኞችም የሚያዙት በዚሁ ዶሜይን በተከፈተው ኢሜይል ነው። በእጃችን ያለው ዋጋ የምንቀይርበት የዎርድፕሬስ መግቢያ ብቻ ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ጊዜ አለሽ፤ ግን ዛሬውኑ ጀምሪ። በቅድሚያ ነገሮቹን ለያይተሽ እያቸው። ዶሜይኑ የዌብሳይታችሁ የአድራሻ ስም ነው። ሆስቲንጉ ፋይሉና ኢሜይሉ የተቀመጡበት ሰርቨር ነው። ገጹ ቢጠፋ እንደገና ይሠራል፣ ሰርቨርም ሌላ ይገኛል። ስሙን ሌላ ሰው ከወሰደው ግን ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ጉልበትሽን መጀመሪያ እዚያ ላይ አውይው።

ሉክአፕ ዶት አይካን ዶት ኦርግ ላይ ገብተሽ ዶሜይናችሁን ጻፊ። አይካን የዶሜይን ስሞችን አሠራር በዓለም ደረጃ የሚያስተባብር ድርጅት ነው። የተመዘገበበትን ኩባንያ፣ የሚያበቃበትን ቀንና ኔምሰርቨሩን (ዶሜይኑን ወደ ሰርቨሩ የሚመራውን) መዝግቢ። ቀኑን በራስሽ ዓይን እዪ፤ በቃል የተነገረሽን አትመኚ። የባለቤቱ ስም ተሸፍኖ ብታገኚው አትደንግጪ፣ የተለመደ ነው። በውስጥ የማን ስም እንደተጻፈ ልጁ ከአካውንቱ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ።

ከዚያ በዚያው ኩባንያ በራስሽ ስም አካውንት ክፈቺ። ልጁ ዶሜይኑን ከሱ አካውንት ወደ አንቺ አካውንት ይገፋዋል፤ «ፑሽ» የሚሉት ነው። ብዙ ኩባንያዎች በነጻ ነው የሚሠሩት፣ ቶሎም ያልቃል። ወደ ሌላ ኩባንያ መውሰድ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ዶሜይኑ ከተቆለፈበት መከፈት አለበት፣ የማዛወሪያ ኮድ ያስፈልጋል፣ ቀናትም ይወስዳል። የባለቤቱ ስም ሲቀየርም ኩባንያው ለ60 ቀን ወደ ሌላ እንዳይሄድ ሊቆልፈው ይችላል። ቁልፉ ማደስን አይከለክልም። ስለዚህ አሁን ልጁ ይግፋው፣ አንቺ አድሺ፤ ኩባንያ መቀየር ካስፈለገ በኋላ ይደርሳል።

መልስ፦ ከቡሬ

ልጄ፣ እኔ ቴክኒኩን አላውቀውም። የንግዱን ልንገርሽ። ቤት የሠራ ግንበኛ ካርታውን በስሙ አያወጣም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ግን በስልክ አትጨቃጨቁ። ልጁን ካስቀየማችሁት ዝም ይላችኋል፣ ቀኑም ያልፋል። ቤተሰቡ እዚያው ደብረ ማርቆስ ካሉ አባትሽ ሄደው ያነጋግሯቸው። የሚሰማው ዘመድ ይደውልለት። የቀረ የድካም ዋጋ ካለው ክፈሉትና አመስግኑት።

ጎን ለጎን ደግሞ ወረቀታችሁን ሰብስቡ። ያስገባችሁበት የባንክ ደረሰኝ፣ የተጻጻፋችሁት መልእክት፣ የንግድ ፈቃዱ። «ዶሜይኑ የድርጅቱ ነው፣ እኔ የያዝኩት በአደራ ነው» የሚል አጭር መልእክት በጽሑፍ ቢልክላችሁ ብዙ ይጠቅማችኋል።

መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም

ለምን ትለማመጣላችሁ? አዲስ ዶሜይን ግዙና ተገላገሉ። በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቀውን የኢትዮጵያ ዶሜይን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ የዶላር ካርድ ፍለጋ መንከራተት አይኖርም።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ዶት ኢቲ መጨመሩ ጥሩ ነው፤ አሮጌውን መተው ግን አይደለም። ሌላ ሰው አንስቶ ቢመዘግበው የደንበኞቿ ትእዛዝ የሚገባው ለዚያ ሰው ነው። ኢሜይሉ ከነአድራሻው ይሄዳላ! በየሱቁ ያለው ብርጭቆም ሰውን ወደዚያው ይመራል።

መልስ፦ የደጀን ልጅ፣ አዲስ አበባ የሰርቨር ሥራ ላይ ያለሁ

እህቴ፣ ዶሜይኑ ሲገፋ አብዛኛውን ጊዜ ዌብሳይቱ ባለበት ይቀጥላል። ችግር የሚመጣው ሆስቲንጉን ስትቀይሪ ነው። ኔምሰርቨር ከመንካትሽ በፊት ልጁ የዲኤንኤስ ገጹን (ዶሜይኑ ሰውንና ኢሜይልን ወዴት እንደሚመራ የተጻፈበትን) ሙሉ በሙሉ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። እዚያ ላይ «ኤምኤክስ» የሚል መስመር አለ፤ ኢሜይላችሁ ወደየት እንደሚገባ የሚናገረው እሱ ነው። አዲሱ ቦታ ላይ ሳይገለበጥ ከቀረ ገጹ ደህና ይከፈታል፣ ኢሜይሉ ግን አይደርስም። ደንበኛው «ልኬያለሁ» ይላል፣ እናንተ አላያችሁም። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

ባክአፕ (የገጹን ቅጂ) ሲልክልሽ የፋይሉ ብቻ አይበቃም፤ ጽሑፉና ዋጋው የተቀመጠበት ዳታቤዝም ይኑርበት። የቆዩትን ኢሜይሎችም ለብቻ አውርዱ። በዎርድፕሬሱ ላይም አድሚን፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለሽ ተጠቃሚ ያድርግሽ። አዲሱ ቦታ ገጹም ኢሜይሉም መሥራቱን ሳታረጋግጡ አሮጌውን ሆስቲንግ አትዝጉ።

የአዲሱን አካውንት ኢሜይል በተመለከተ ደግሞ አደራ፦ በዚያው ዶሜይን ያለውን ኢሜይል አታስገቢ። ዶሜይኑ አንድ ቀን ቢቋረጥ ኢሜይሉም አብሮ ይቋረጣል። ያኔ የይለፍ ቃል መቀየሪያው ሊንክ የሚላከው ወደማይከፈት ሳጥን ነው። ለድርጅቱ የተለየ ጂሜይል ክፈቺ። ስልኩ በአባትሽ ወይም በአንቺ ስም የወጣ ሲም ይሁን። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) አብሪና መጠባበቂያ ኮዶቹን አትመሽ ከንግድ ፈቃዱ ጋር አስቀምጪ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቀኑን አየሁት፣ ልክ ነው። ክፍያውስ? እኛ ካርድ የለንም። ወንድሜ ካናዳ ነው፤ በሱ ካርድ ቢከፈል ዶሜይኑ የሱ ይሆናል?

መልስ፦ ከባሕር ዳር

አይሆንም። ካርዱ የማንም ይሁን፤ ወሳኙ የአካውንቱ ኢሜይልና በባለቤትነት የተጻፈው ስም ነው። እዚህ በብር ከሚሸጡ ወኪሎች ስትገዢም ይህንኑ ጠይቂ፤ በስምሽ እንደሚያስመዘግቡ በጽሑፍ ያረጋግጡልሽ።

ከተቻለ የብዙ ዓመት ክፈሉ፤ ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ይፈቀዳል። እኛ አካባቢ ይህ ቅንጦት አይደለም። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ኢሜይሉን ማን ያየው ነበር? ወንድምሽ በሁለተኛ ሰውነት መግቢያው ይኑረው።

ኩባንያው ከማብቂያው አንድ ወር ገደማና አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው የማስታወሻ ኢሜይል መላክ ግዴታው ነው፤ ዛሬ ግን የሚደርሰው ለልጁ ነው። ቀኑ ካለፈ ኩባንያው እንደየደንቡ ጥቂት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ዶት ኮም ከተሰረዘ በኋላ ለ30 ቀን ማስመለስ ይቻላል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚጠይቁት ባለ አካውንቱን ነው። ልጁ ፈጽሞ ካልተገኘ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ለኩባንያው ጻፉ። ዩዲአርፒ የሚባለው የክርክር መንገድ የንግድ ምልክት ላለውና ስሙ በክፉ ልብ ለተወሰደበት ነው፤ ዋይፖ በሚባለው ዓለም አቀፍ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል ክፍያው ከ1500 ዶላር ይጀምራል። ለእናንተ ጉዳይ አይመችም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

አባቴ ከልጁ አጎት ጋር ተነጋገሩ፤ ልጁ ደውሎልን «ዛሬ ማታ እገፋዋለሁ» ብሏል። የአዲሱን አካውንት ይለፍ ቃል ልላክለት?

መልስ፦ ከደጀን ልጅ

እሰይ! ይለፍ ቃሉን ግን አትላኪ፤ አያስፈልገውም። አካውንቱን የከፈትሽበትን ኢሜይል፣ ኩባንያው ከጠየቀም የተጠቃሚ ስሙን ወይም የደንበኛ ቁጥሩን ብቻ ስጪው። «ተቀበዪ» የሚል መልእክት ሲመጣ ወዲያው አጽድቂ። ከገባልሽ በኋላ የባለቤቱን ስም፣ ስልክና ኢሜይል ወደ ድርጅቱ ቀይሪ። ኩባንያው ኢሜይሉን እንድታረጋግጪ ከጠየቀ ሊንኩን ሳትጫኚ አትተኚ፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተረጋገጠ ዶሜይኑን ሊያግደው ይችላል።