ማጨሻ ክፍል ተለይቶ እያለ ለምን ይሸተኛል?

ጥግ ላይ ያለሁት
ሰላም ለሁላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ባለፈው ወር «ከሲጋራ ጭስ ነጻ ነን» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ደስ አለኝ። ግን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንዲት ማጨሻ ክፍል ትተዋል፣ ከኔ ጠረጴዛ ብትርቅ አምስት እርምጃ ነው። በሯ በተከፈተ ቁጥር ጭሱ የሚወጣውን ሰው ተከትሎ ይወጣል። ማታ ቤት ገብቼ ሹራቤን ሳወልቅ እኔው ሳጨስ የዋልኩ ነው የሚመስለው። ለአለቃዬ ብነግረው «አየር ማስወጫ አለው፣ አታካብጂ» አለኝ። እውነት እያካበድኩ ነው? እንዲህ ዓይነት ደንብ ለማያጨስ ሰው የሚፈይደው ነገር አለ ወይስ ወረቀት ብቻ ነው?

ላብራቶሪ ቤት
አላካበድሽም እህቴ። ደንቡ ይሠራል፣ ግን ሙሉ ሲሆን ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በማርች 2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ የሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ከለከለች፣ በአገር ደረጃ እንዲህ ያደረገ ከዚያ በፊት አልነበረም። ተመራማሪዎች የማያጨሱ የመጠጥ ቤት ሠራተኞችን ምራቅ ከእገዳው በፊትም በኋላም መረመሩ። የፈለጉት ኮቲኒንን ነው። ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሲብላላ የሚተወው ነገር ስለሆነ ሰውየው «ኧረ እኔ አልሸተተኝም» ቢልም ምራቁ ያጋልጠዋል። በ80 በመቶ ወርዶ ተገኘ። እገዳው ገና ባልነበረበት በሰሜን አየርላንድ የወረደው 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

የአየር ማስወጫውን ነገር ተይው። ሽታውን ያሳንስ ይሆናል እንጂ ጭሱን ጠራርጎ አያወጣም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን በግልጽ ጽፎታል፤ ክፍል መለየትም ሆነ አየር ማናፈስ የማያጨሰውን አያድነውም፣ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠንም የለም። ብዙ ሰው ደግሞ ሳንባ ብቻ ይመስለዋል። ለሌላ ሰው ጭስ የተጋለጠ የማያጨስ ሰው በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል።

አጫሹ
እኔ አጫሽ ነኝ፣ እንዳትሰድቡኝ። የኛ መሥሪያ ቤት ማጨሻ ክፍሉን ሲዘጋው በጣም ተናድጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ያቺ ክፍል እኛንም ትገድለን ነበር፣ አንድ ሲጋራ ለኩሼ የስምንት ሰው ጭስ ስቤ ነው የምወጣው፣ ዓይኔ እያለቀሰ። አሁን አራት ፎቅ ወርጄ ነው የማጨሰው። ስንፍናዬ ጠቀመኝ፣ በቀን ከ15 ፍሬ ወደ 9 ወርጃለሁ።

ላብራቶሪ ቤት
@አጫሹ አንተ ብቻ አይደለህም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ 26 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ አለ። የሥራ ቦታው ሙሉ ለሙሉ ከጭስ ነጻ ሲሆን አጫሾች በአማካይ በቀን 3 ፍሬ ያህል ይቀንሳሉ፣ ጭራሽ የሚተዉም አሉ።

ባልዲና መወልወያ
ሁላችሁም ስለ ጠረጴዛና ስለ ፎቅ ታወራላችሁ። ያቺን ክፍል ማን ያጸዳታል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ሁለት ዓመት አጽድቻለሁ። መስታወቷን በነጭ ጨርቅ ስወለውል ጨርቁ ሻይ የተደፋበት መስሎ ቢጫ ይሆናል። መተርኮሻውን ስደፋ አመዱ ፊቴ ላይ ይነሳል። ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም፣ ግን ጠዋት ጠዋት እንደ አጫሽ እስል ነበር። ወረቀቱ «ለሠራተኞች ጤና» ይላል፣ እኔ ሠራተኛ አልነበርኩም መሰለኝ።

ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሁሉም ዋናው በር ላይ ተኮልኩሎ ያጨሳል፣ በሩ ሲከፈት ጭሱ ተመልሶ ይገባል። ማስታወቂያ ቢለጠፍ የሚሰማ ጠፋ። በኋላ መተርኮሻውን ከበሩ አንስተው ግቢው ጥግ ሲወስዱት ሰዉ ተከትሎት ሄደ፣ በቃ።

ጥግ ላይ ያለሁት
ክፍሏን ስለሚያጸዱልን እናት አንድም ቀን አስቤ አላውቅም፣ አፈርኩ። ነገ አነጋግራቸዋለሁ። ካልከበዳቸው አብረን ነው አለቃዬ ጋ የምንገባው። ሹራቡንም ይዤ እገባለሁ፣ ራሱ ያሽትተው።