በ17 ዓመቷ «ከአገር አንደኛ» የተባለች የቅርጫት ኳስ ልጅ ኋላ ምን ትሆናለች?

የሲልቨር_ስፕሪንጉ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት፣ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ሰሞኑን ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ ደረጃ ሆኗል፤ ማን ስንተኛ ወጣች፣ ማን ባለ አምስት ኮከብ (የመልማዮች ከፍተኛው ደረጃ) ተባለች። ገና ሃይስኩል ሳለች አንደኛ የተባለች ልጅ ኮሌጅ ገብታ እውነት አንደኛ ትሆናለች ወይስ የቲፎዞ ጫጫታ ነው? የምትከታተሉ ንገሩኝ እስቲ።

ባለ_ሪሞቱ፦
ጫጫታ እንኳን አይደለም። በ2020 ሃይስኩል የጨረሱትን ዝርዝር እየው። የአሜሪካው የስፖርት ቲቪ ኢኤስፒኤን ከላይ የደረደራቸው ፔጅ ቤከርስ፣ ኤንጀል ሪስ፣ ካሜሮን ብሪንክ፣ ኬትሊን ክላርክና ካሚላ ካርዶሶ ናቸው። አምስቱም ቡድኖች በየተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ድራፍት በመጀመሪያው ዙር ተመርጠው የሴቶቹ ፕሮፌሽናል ሊግ ደብሊውኤንቢኤ ገቡ። አራቱ የኮሌጅ ዋንጫ አንስተዋል። የሚያስቀው ግን 3,951 ነጥብ አስቆጥራ የኮሌጁን ክብረ ወሰን የሰበረችው አራተኛ የተባለችው ክላርክ ናት፣ ያለ ዋንጫ የወጣችውም እሷው! መልማዮቹ ልጆቹን አልሳቱም፣ ቅደም ተከተሉን ግን እንጃ።

ጉልበት_ይስጠን፦
ስለ ጉልበት ማንም አላነሳም እንዴ? ቤከርስ ገና ፍሬሽማን (የኮሌጅ አንደኛ ዓመት) ሆና በ2021 የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተባለች፣ በቀጣዩ ዓመት የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰና አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ቁጭ ብላ አየች፣ ዋንጫውን ያገኘችው በ2025 ነው። የ2021 አንደኛዋ አዚ ፈድ፣ እዚሁ ዲሲ ሃይስኩል የተማረችው፣ ጅማቷ የተበጠሰው ሁለቴ ነው፤ አንዴ ኮሌጅ ሳትገባ፣ አንዴ ገብታ። የ2023 አንደኛዋን ጁጁ ዋትኪንስን ደግሞ በማርች 2025 በቀጥታ ሳያት ነበር። መጀመሪያው ኳርተር ሳያልቅ ኳስ ይዛ ስትሮጥ ወደቀች፣ ጉልበቷን ይዛ ቀረች፣ ተሸክመው አወጧት። ሳህኔን አስቀምጬ ተነሳሁ፣ እራት አልበላሁም። የሚቀጥለውንም ዓመት አልተጫወተችም። የትኛው ደረጃ ነው ይህን የሚነግርህ?

እናት_ነኝ፦
ወንድሜ፣ እኔ ደግሞ ኤሌና ደለ ዶንን ላንሳልህ። በ2008 አንደኛ የተባለችው እሷ ነበረች። በቅርጫት ኳስ ስመ ጥር የሆነው ዩኮን (ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ) ገባች፣ በቀናት ውስጥ ጥላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ታላቅ እህቷ ሊዚ አታይም፣ አትሰማም፤ ሰው የምታውቀው በመዳሰስና በማሽተት ነው። እንዲህ ያለችን እህት በስልክ «እንዴት ዋልሽ» አትላትም። ሰው ሁሉ አበደች አለ። እሷ ግን ቤቷ አጠገብ ዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ መጀመሪያ መረብ ኳስ ተጫወተች፣ ከዚያ ወደ ቅርጫቱ ተመለሰች። በ2015 እና በ2019 የደብሊውኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆነች፣ በ2019 ለኛው ለዋሽንግተን ሚስቲክስ ዋንጫ አመጣች። እና ልጅቷን «ስንተኛ ነሽ» አትበሏት፣ የት ሆና ደስ እንደሚላት ጠይቋት። ደግሞ በ2024 ሊጉ 12 ቡድን ነበረው፣ በቡድን ቢበዛ 12 ተጫዋች፣ በሙሉ 144 ወንበር። ትምህርቷን አደራ!

የሲልቨር_ስፕሪንጉ፦
አመሰግናለሁ እማማ፣ ሁላችሁንም። ለእናቷ አነበብኩላት፣ ስለ ጉልበቱ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ልጅቷ ግን ሶፋ ላይ ተጋድማ፣ ከፍሪጅ ያወጣችውን የቀዘቀዘ አተር ከነላስቲኩ ጉልበቷ ላይ አድርጋ «ክላርክ አራተኛ ነበረች?» ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ።