ባለ 17 ቁልፍ ክላርኔት ላይ የግራ እጅ ኢ ፍላት ማስጨመር ይቻላል?

ሸምበቆ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ክላርኔቱ ቢ ፍላት፣ የቦህም ሥርዓት (የተለመደው የቁልፍ አደራደር)፣ 17 ቁልፍና 6 ቀለበት፣ አካሉ ጥቁር እንጨት ነው። የታችኛው ኤ ፍላት፣ በሬጂስተር ቁልፍ (ድምፁን ወደ ላይ በሚያሻግረው) ደግሞ ኢ ፍላት የሚሰጠው ቁልፍ ያለው በቀኝ ትንሿ ጣት ብቻ ነው። 18ኛ ቁልፍ በግራ በኩል ማስገጠም ይቻላል? አዲስ ቀዳዳ ይበሳል? እግረ መንገዴን፣ የታችኛውን ኢ ፍላትስ (ከመጨረሻው ኢ በታች ያለውን ድምፅ) መጨመር ይቻላል?

ጠጋኝ፦
ይቻላል፤ የድምፅ ቀዳዳም አይበሳም። ቀዳዳውም ክዳኑም ያው የነበሩት ናቸው፤ የሚጨመረው ክዳኑን በግራ እጅ የሚያነሳ ማንሻ ብቻ ስለሆነ ቅኝቱ አይነካም። ቶስካ የተባለው የቡፌ ክራምፖን ክላርኔት ከፋብሪካ ይዞት ይወጣል።

የሚያስፈልገው፦ ከኒኬል ሲልቨር የተሠራ ማንሻ፣ ሁለት ቋሚ (ዘንጉን የሚይዙ ምሰሶዎች)፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ዘንግ፣ አንድ ሞላና ቀጭን ቡሽ። ማንሻው መሃሉን ዘንግ ይዞት ጣት ሲጫነው የታች ጫፉ ይነሳል። ይህ ጫፍ ክዳኑ ጎን ላይ በተበየደች ትንሽ ምላስ ሥር ገብቶ ክዳኑን ይከፍታል። ብረቱን ከመቁረጥህ በፊት መንገዱን በመዳብ ሽቦ አጥፈህ ሞክረው፤ የግራዎቹ የኤፍ/ሲ እና የኢ/ቢ ማንሻዎች ተጭነውም ቢሆን ሊነካካ አይገባም።

ዕቃው የሚበላሸው እንጨቱ ሲሰረሰር ነው። ውስጡ 14.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ውጪው 27 ከሆነ የግድግዳው ውፍረት 6.2 ይሆናል ማለት ነው። ወደ ደወሉ (ወደ ታችኛው ሰፊ ጫፍ) ሲወርድ ግን ውስጡ ስለሚሰፋ በዚህ ስሌት አትተማመን፣ ቋሚው የሚገባበትን ቦታ ራሱን ለካ። መሰርሰሪያው ላይ ማቆሚያ አስረህ ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር እንጨት አስቀር። ጥርስ ማውጫውን (ቀዳዳው ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚያወጣውን መሣሪያ) ሰም ቀብተህ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ እያልክ አስገባው። ቀዳዳው ጠቦ ቋሚው በጉልበት ከገባ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ከሰፋ ቋሚው ይዞራል፣ ዘንጉም ይነክሳል። ሁለተኛው ቋሚ ከመጥበቁ በፊት ቀጥ ያለ ዘንግ በሁለቱም አሳልፍ፤ በጣት ተገፍቶ ካልሄደ መስመሩ ተዛብቷል።

ቢ_ፍላት፦
ወጪው ከመውጣቱ በፊት ቁልፉ የት እንደሚጠቅም ይታወቅ። ቢ፣ ሲና ዲ ፍላት በሁለቱም እጅ አሉ፤ ኢ ፍላት ብቻ ነው በቀኝ የቀረው። ሲ–ኢ ፍላት፣ ወይም ዲ ፍላት–ኢ ፍላት መመላለስ ምንም አይቸግርም፣ ኢ ፍላትን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ነው። ችግሩ ሦስቱ በዙር ሲመጡ ነው፦ ሲ ቀኝ፣ ዲ ፍላት ግራ፣ ኢ ፍላት ቀኝ፣ ሲ ግራ፣ ዲ ፍላት ቀኝ፣ ቀጥሎ ኢ ፍላት ግራ ሊሆን ይገባዋል፣ የለም። ጣት መንሸራተት ግድ ይላል። የጀርመኖቹ ኦለር ክላርኔት ለዚሁ ብሎ ቁልፎቹ መሃል ሮለር (ጣት የሚንሸራተትበት ተሽከርካሪ) አለው። ቦህም ላይ ተጫዋቾች ጣታቸውን አፍንጫቸው ጎን አሸት አድርገው በወዙ ያንሸራትታሉ፤ ያስቃል እንጂ ይሠራል። እንዲህ ዓይነት ዙር በብዛት የማይገጥመው ሰው እንጨቱን ባያስበሳ ይሻለዋል።

ሸምበቆ፦
ምላሷን ወርቅ አንጥረኛ ሊበይዳት ይችላል?

ጠጋኝ፦
በደንብ ይችላል፣ በብር ብየዳ። ስታኞ አይሆንም፤ ምላሷ ትንሽ ናት፣ ጣት በተጫነ ቁጥር ኃይሉ እሷ ላይ ስለሚያርፍ ትነቀላለች። ፓዱን (ክዳኑ ሥር ሆኖ ቀዳዳውን የሚደፍነውን ልባስ)፣ ቡሹንና ሞላውን አስቀድመህ አውልቅ፤ ሙቀቱ ፓዱን ያቃጥላል፣ የሞላውንም ጥንካሬ ይገድላል። የብር ቅቡ መጥቆሩ አይቀርም፤ ክዳኑ ከብየዳው በኋላ እንደገና ይቀባል። እንጨቱን ግን ለአንጥረኛ አትስጥ።

ኮርክ፦
ስለ ታችኛው ኢ ፍላት፦ ቁልፍ በመጨመር አይሆንም፣ የታችኛው አካል ራሱ መርዘም አለበት። ባለ 20 ቁልፉ ሙሉ ቦህም ያለው እሱን ነው፤ ጣሊያን ውስጥ ተወዶ የነበረውም የኤ ክላርኔት ክፍሎችን በአንድ ቢ ፍላት ለመጨረስ ስለሚያስችል ነው። የታችኛው ኢ እና ኤፍ ዝቅ ብለው የሚያስቸግሩህ ከሆነ ግን የማስተካከያ ቀዳዳ ከነቁልፉ ደወሉ ላይ ማስገጠም ይቻላል። የሚከፈተው ለእነዚያ ድምፆች ብቻ ነው፤ ላይኞቹ ቢ እና ሲ ላይ ከተከፈተ ከፍ ያደርጋቸዋል።

የግራው ማንሻ ከተገጠመ በኋላ ጫፉና ምላሷ መሃል ወረቀት የምታልፍበት ያህል ክፍተት ይኑር። ቡሹ ከወፈረ ክዳኑን በስሱ አንስቶ ይይዘዋል፤ የታችኛው ኢ እና ኤፍ እምቢ ይላሉ ወይ ይጮኻሉ። የሲጋራ ወረቀት ከፓዱ ሥር አስገብተህ በአራቱም ጎን ሳብ፤ በአንዱ በኩል ልል ካለ ክዳኑ በብየዳው ሙቀት ተጣሟል ወይም ፓዱ አልተቀመጠም። የማንሻውን ሞላ አለስልሰው፣ ጣት የሚገፋው ሁለቱን ሞላዎች ነውና። የክዳኑን ሞላ ግን እንዳትነካው፤ እሱ ከላላ ጠንከር አድርገህ ስትነፋ ክዳኑ ራሱ አየር ያስወጣል።