«እንደ ሕፃናት ሁኑ» የተባለው ጥያቄ ላለማንሳት ነውን?

ጠያቂ፣ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ በሚገኝ አንድ ደብር የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነኝ። በአንድ ስብሰባ ላይ ለሕንፃ ማሠሪያ የተዋጣው ገንዘብ ሪፖርት ለምእመናን እንዲቀርብ ስጠይቅ፣ አንድ አባት «ጌታ እንደ ሕፃናት ሁኑ ያለውን ረሳኸው?» ብለው አስቀመጡኝ። ስለማከብራቸው ዝም አልኩ፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተነገረው ትሕትና አእምሮን ዘግቶ መቀመጥ ከሆነ፣ ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ለክፋት ሕፃናት፣ በአእምሮ ግን የበሰሉ እንዲሆኑ (1ኛ ቆሮ. 14፥20) ስለምን መከራቸው?

የቦርከና ሰው፣ ከኮምቦልቻ
ወንድሜ፣ ቃሉ ለማን እንደተነገረ ማየት ይቀድማል። ደቀ መዛሙርቱ ከመካከላቸው ማን እንደሚበልጥ በመንገድ ሲከራከሩ ቆይተው ቅፍርናሆም ሲደርሱ ጌታ ስለ ምን እንደተነጋገሩ ቢጠይቃቸው መልስ እንዳጡ ማርቆስ በምዕራፍ 9 ጽፏል። ጌታ አንድ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው ያቆመው በዚህ ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ሕፃን በሸንጎ የሚቆጠር ማዕረግ አልነበረውምና፣ ተግሣጹ ያረፈው በኋላ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች በሚሆኑት በሐዋርያት የሥልጣን ምኞት ላይ እንጂ ከበታች ሆኖ በሚጠይቅ ሰው ላይ አይደለም። ይህን ቃል ታናሹን ዝም ለማሰኘት ማዋል፣ በእኔ እይታ፣ ትምህርቱን መገልበጥ ነው። ያው የማቴዎስ ምዕራፍ 18 ዝቅ ብሎ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ በጥልቅ ባሕር ቢሰጥም እንደሚሻለው ይናገራል።

እናት፣ ከሰኞ ገበያ
ሕፃናት በጠባያቸው ትሑታን ናቸው የሚለው ሰው ልጅ አላሳደገም። የእኔዎቹ ባጃጅ ውስጥ በዳር ለመቀመጥ በየጊዜው ይጣላሉ። ስለዚህ ጌታ የልጅን ጠባይ እንዳለ አመስግኗል ብዬ አላምንም፤ ያ ሕፃን ግን ሲጠራ መጣ፤ ምን እንደሚሰጠው ወይም የት እንደሚያቆመው አስቀድሞ አልተደራደረም። ጥያቄን በሚመለከት ደግሞ፣ ጌታ ራሱ በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው እንደተገኘ፣ ከዚያም ወደ ናዝሬት ወርዶ ለወላጆቹ ይታዘዝ እንደነበር ሉቃስ በምዕራፍ 2 አስቀምጦልናል። መጠየቅና መታዘዝ በአንድ ልጅ ውስጥ ተስማምተው ኖረዋል።

ዲያቆን
ከላይ የተባለውን አልቃወምም፤ ሆኖም ጥያቄም የትዕቢት መሸሸጊያ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። ዳዊት በመዝሙር 131 (በግእዙ ቁጥር 130) ልቡ እንዳልታበየ ከተናገረ በኋላ ነፍሱን ጡት እንደ ጣለ ሕፃን ዝም እንዳሰኛት ይዘምራል። ጠያቂው ወንድማችን መልሱን ይፈልግ እንደሆነ ወይስ በጉባኤ ፊት መታየትን፣ ራሱን ይመርምር። እኚያን አባት አስቀድሞ ለብቻቸው ቢያነጋግራቸው መልካም ነው፤ ማቴዎስ 18፥15 የሚያዝዘውም ይህንኑ ነው።

ጠያቂ፣ ከደሴ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክሩን ተቀብዬ እቤታቸው ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ። ነገር ግን ቁጥር 15 የሚናገረው ስለ በደለ ወንድም ነው፤ እኔ ማንንም በደለ አላልኩም። ሪፖርት መጠየቅ ክስ ነውን?

የቦርከና ሰው፣ ከኮምቦልቻ
ክስ አይደለም። ገንዘቡ የምእመናን ስጦታ ስለሆነ ሒሳቡ መነገር ያለበት ለምእመናን ነው። አባታችንን ለብቻቸው ማነጋገርህ ለክብራቸው ይሁን፤ ሪፖርቱን ግን በሰበካ ጉባኤው በኩል በጽሑፍ ጠይቅ።